ዶማውን ሰጥታችሁ ደብተሩን ያዛችሁ

የምክር ዓምድ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥረን እናቅርበው።

«ዕድሜዬ ስልሳን አልፏል። የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ገንዘብ ያዥ ነኝ። ከቅሬው አዳራሽ ጀርባ ሩብ ሄክታር የምትሆን ባዶ መሬት አለችን። ዓምና ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ‹ቆሻሻ መጣያ ከምትሆን አትክልት እናልማባት፤ አቅመ ደካሞችን እንመግብ፣ ወጣቱም ሥራ ይልመድ› ብለው ወሰኑ። ለወጣቶቹ ጥሪ ተደረገ። በመጀመሪያው ቅዳሜ 22 ልጆች መጡ። ቲሸርት ታደለ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከቀበሌ መጥተው ንግግር አደረጉ። ክረምቱን ደህና ሠሩ። ጎመኑና ቆስጣው ሲደርስ ለሦስት ቤተሰብ ሰጠን፣ የቀረውን ሸጠን ብሩን ወደ ቅሬው ሣጥን አስገባን። ዝናቡ ሲያቆም ከቦኖ በጀሪካን እየቀዱ ያጠጡ ነበር። ኅዳር ላይ አራት ልጆች ቀሩ። አሁን እኔና ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነን። ልጆቹ ወይ ፑል ቤት ናቸው፣ ወይ ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል። ገሚሱ ከሳዑዲ ሌላ ወሬ የለውም። የልጅ ልጄን ለምን ተዋችሁት ብዬ ብጠይቀው ‹ተይኝ እስቲ› ብሎኝ ወጣ። ዘመኑ ነው ወይስ ጥፋቱ የኛ ነው? ምን ብንላቸው ይመለሳሉ?»

እናት፣ ከኮምቦልቻ

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ። ዘመኑን ለጊዜው እንተወው። ጥፋቱ የዘመን ነው ብንል እርስዎም እኔም የምንሠራው ነገር የለንም። ደብዳቤዎ ውስጥ ግን ልናስተካክላቸው የምንችላቸው ሁለት ነገሮች አየሁ። አንዱ ጀሪካኑ ነው። ሌላው «ብሩን ወደ ቅሬው ሣጥን አስገባን» ያሉት ነው።

ከጀሪካኑ እንነሳ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በበጋ ፀሐይ አትክልት በካሬ ሜትር በቀን አምስት ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ደመና ሲሆን ይቀንሳል፣ ንፋስ ሲሆን ይጨምራል። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነች ቦታ በቀን 500 ሊትር ትጠጣለች ማለት ነው። ይህ 25 ጀሪካን ነው። የእናንተ መሬት ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ነው። ሙሉውን አልምታችሁት ከነበረ በቀን 625 ጀሪካን ያስፈልጋችሁ ነበር። ለ22 ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 28 ጀሪካን ይደርሰዋል። የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በየቀኑ፣ ያለ ክፍያ፣ ከቦኖ ወረፋ ጋር። «ኧረ ግማሹን ብቻ ነው ያለማነው» ቢሉኝ እንኳ 14 ጀሪካን ነው። እኔን የገረመኝ 18ቱ መጥፋታቸው አይደለም። አራቱ እስከ ኅዳር መቆየታቸው ነው። እነዚያን አራት ልጆች ስማቸውን ይያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ወጣት አይደለም፣ ስለ ውሃ ነው። መሬቷን ሙሉ በሙሉ የምታለሙት በክረምት ብቻ ይሁን። በበጋ ከ200 ካሬ አትለፉ። የቀረውን ተዉት፣ ወይም የከብት መኖ ይዝሩበት። የበጋውን መደብ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር አልብሱት፤ ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ ካላገኘችው ውሃው ቶሎ አይተንም፣ አረሙም ይቀንሳል።

የአዳራሻችሁ ጣሪያ ቆርቆሮ ይመስለኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ቢሆንና አንድ የሐምሌ ዶፍ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ የሚፈሰውንና የሚተነውን ቀንሰን 1,600 ሊትር ያህል ይሰበሰባል። አሸንዳ ሰቅላችሁ ወደ ሮቶ ብታስገቡት፣ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ በስድስት ሰባት ዶፍ ይሞላል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይህ በጋውን አያሻግርም። ለ100 ካሬ የ20 ቀን ውሃ ነው። ግን ዝናቡ ቀድሞ ሲቆም ሰብሉን ይታደጋል፣ ለችግኝ መደብም ይበቃል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ የእጅ ጉድጓድ ነው። እሱንም ከማስቆፈራችሁ በፊት የጎረቤት ጉድጓድ ስንት ሜትር ላይ ውሃ እንዳገኘ ጠይቁ።

አደራ፣ የቀለለ መስሏችሁ ከወንዝ እንዳትጠልፉ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ፍሳሹ የሚገባባቸው ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ እንዲህ ያለውን ከአፈርና ከውሃ ስቦ ወደ ቅጠሉ ያወጣል። ቆስጣና ሰላጣ ዋናዎቹ ናቸው። ለአቅመ ደካማ እናት የምትሰጡትን የአትክልት እስር በዚያ ውሃ አታጠጡ።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንምጣ።

ልጆቹ ክረምቱን ሠሩ። ሰብሉ ደረሰ። ሦስት ቤተሰብ በላ፣ እሰየው። የቀረው ተሸጠ። በስንት ተሸጠ? ለማን? የዘሩ መግዣ ከየት መጣ? አተረፋችሁ ወይስ ከሰራችሁ? ይህን የምታውቁት እርስዎና ሊቀመንበሩ ናችሁ። ልጆቹ አያውቁም። እትዬ፣ ሰው ሰረቀ አላልኩም። ሣጥኑ እርስዎ ዘንድ ነውና አንዲት ብር እንዳልጎደለች አምናለሁ። ግን ለሃያ ዓመት ልጅ «ብሩ ሣጥን ገባ» ማለት «ብሩ የለም» ማለት ነው። ቅሬው ለእርስዎ የክፉ ቀን ዋስ ነው። ለእሱ ግን አባቱ በየወሩ የሚከፍለው መዋጮ ነው። አባል አይደለም፣ ድምፅ የለውም፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ምናልባት ወንበር ሊደረድር ገብቶ ያውቅ ይሆናል።

ደብዳቤዎን እስቲ ደግመው ያንብቡት። «ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወሰኑ» ይላል። ቀጥሎ «ለወጣቶቹ ጥሪ ተደረገ» ይላል። ምን እንደሚዘራ ካለቀ በኋላ፣ ለማን እንደሚሰጥ ካለቀ በኋላ፣ የቀረው ጉልበት ብቻ ሲሆን ነው የተጠሩት። ወንፈል እኮ የሚሠራው ዛሬ የኔን፣ ነገ ያንተን ስለምንል ነው። የልጆቹ ተራ መቼ ነበር የሚደርሰው?

ምን ይደረግ? እኔ እንዲህ ባደርግ እላለሁ።

ከመሬቷ 1,000 ካሬውን ለልጆቹ ስጡ። ስጡ ስል በአፍ አይደለም፣ በቃለ ጉባኤ ነው። ለሁለት ዓመት ይሁን። አንድ ዓመት አይበቃም፤ ብስባሽ አዘጋጅቶ አፈር ያለማ ሰው ፍሬውን የሚያየው በሁለተኛው ዓመት ነው። ነገ ትነጠቃለች ብሎ የሚያስብ ደግሞ እበት አይሸከምም። እግረ መንገዳችሁን ቦታዋ ላይ ያላችሁን ወረቀት አጣሩ። የከተማ መሬት ናትና፣ ቀበሌው ለሌላ ነገር ካሰባት አሁኑኑ ማወቅ ይሻላል። ሁለት ዓመት ብላችሁ ፈርማችሁ በስድስት ወር ግንባታ ቢመጣ፣ ልጆቹ ሁለተኛ አያምኗችሁም።

በዚያች 1,000 ካሬ ላይ ምን እንደሚዘራ የሚወስኑት እነሱ ይሁኑ። ገዢ የሚፈልጉት እነሱ፣ ደብተሩን የሚይዙት እነሱ። ቅሬው መሬቱን፣ ዶማና አካፋውን፣ የመጀመሪያውን ዙር ዘር ይስጥ። ዘሩ በብድር ይቆጠር፣ ከመጀመሪያው ሽያጭ ይመለስ። ከዚያ በኋላ ከሚሸጠው ለምሳሌ አንድ አምስተኛው ለቅሬው ይግባ። አንድ አምስተኛ ያልኩት እንዲሁ መነሻ እንዲሆናችሁ ነው። ተከራከሩበት። ልጆቹ «ለምን አንድ አምስተኛ? አንድ አሥረኛ ይሁን» ብለው ከተሟገቱ ደስ ይበልዎ። የራሱ ላልሆነ ነገር የሚሟገት ወጣት የለም።

ሽያጩን በየሳምንቱ በሁለት ፊርማ ይመዝግቡ። ወር ሲሞላ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተው የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፉት። ቴሌግራም ለማይጠቀሙት ሽማግሌዎች አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ብሩ በቴሌብርም ይግባ በባንክ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያወጣው ይሁን። ከሁለቱ ፈራሚዎች አንዷ ሴት ትሁን። 22ቱ ውስጥ ስንት ሴቶች እንደነበሩ አልነገሩኝም፤ ብዙ እንዳልነበሩ እገምታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የሚጠራ ሥራ ልብስ ለምታጥብና ቡና ለምታፈላ ልጅ አይመችም። ሰዓቱን እነሱ ይምረጡት። ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ወዲያ ብትሉ የቀን ተማሪውም ይደርሳል፣ ፀሐዩም ይበርዳል፣ ውሃ ለማጠጣትም ጥሩ ሰዓት ነው።

«ታዲያ አቅመ ደካሞቹስ?» ይሉኛል። እነሱን ቅሬው ይግዛላቸው። ከልጆቹ ላይ በገበያ ዋጋ ገዝቶ ይስጣቸው። ጽድቁ የቅሬው፣ ሽያጩ የልጆቹ ይሆናል። አሁን ባለው አሠራር ግን ምጽዋቱን እየሰጡ ያሉት ሥራ አጥ ልጆች ናቸው። ይህ እኔን በጣም ነው የከነከነኝ። በሰፈሩ ውስጥ ምንም ገቢ የሌለው ሰው ይመጸውታል፣ ገቢ ያለው ደግሞ ንግግር ያደርጋል።

እንዲያውም ቅሬው ዋናው ደንበኛ መሆን ይችላል። ለቅሶ ቤት ሲበላ ሽንኩርቱም ድንቹም ጎመኑም ከገበያ ነው የሚመጣው። ከራሳችሁ ጓሮ ቢመጣ ምን አለበት? ከዚያ ጉሊት ያሉትን እናቶች፣ በየመንገዱ ያሉትን ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይጨምሩ። ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ከሥራ ሲወጡ የሚያልፉበት መንገድ ካለ፣ እዚያ አመሻሽ ላይ ትንንሽ እስር ይዞ መቆም ያዋጣል። በአቅራቢያችሁ ያለ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን የሚመግብ ከሆነ አትክልቱን ከማን እንደሚገዛ ጠይቁ። ይህን የማጣራት ሥራ ለልጆቹ ተዉላቸው። ከሽማግሌዎቹ ይልቅ ፑል ቤት የሚውለው ልጅ ነው የየምግብ ቤቱን አስተናጋጅ በስም የሚያውቀው።

አሁን በጣም ወደምወደው ጉዳይ ልግባ፣ ወደ ቀን መቁጠሪያው።

እናንተ ወሎ ናችሁ። አንዱ ጎረቤት ዐቢይ ጾም ሲይዝ ሌላው ረመዳን ይይዛል። ሁለቱም የአትክልት ገበያ ነው። የዚህ ዓመቱ የ2018ቱ ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ነበር፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። ገበያው ተደራረበ። በ2019 ግን ነገሩ ይለያል። የጨረቃዋ ነገር እንዳለ ሆኖ ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ግድም ይገባል። ረመዳን ሊወጣ ሲል ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ይህ ማለት ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አትክልት የሚፈልግ ቤት አያጡም። መጀመሪያ ለአፍጥር ሾርባ ካሮት፣ ድንብላል ቅጠልና ቲማቲም፣ ለሳምቡሳ ሽንኩርትና ቃሪያ። ቀጥሎ ለጾም በየአይነቱ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ድንች።

ይህ ሁሉ ፈላጊ የሚመጣው ደግሞ በበጋ ነው፣ ዝናብ ጠብቆ የሚያመርተው ሰው ሰብል ባጣበት ሰዓት። ለዚህ ነው 200 ካሬ ይበቃችኋል ያልኩት። በክረምት ጎመን በየጓሮው ሞልቶ ዋጋው ሲወድቅ ሩብ ሄክታር ከማልማት፣ በበጋ 200 ካሬ በደንብ አጠጥቶ መያዝ ሳይሻል አይቀርም። ካሮት ለመድረስ ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል፤ ለረመዳን ከፈለጋችሁት ጥቅምት ውስጥ መዘራት አለበት። ቆስጣ በሁለት ወር ግድም ይቆረጣል፣ የውጭ የውጭውን ቅጠል ብቻ ከወሰዳችሁለት ደግሞ ደጋግሞ ይሰጣል። ኅዳር አጋማሽ ላይ ቢዘራ ጥር አጋማሽ ላይ ይጀምራል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትዝሩ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ መደብ ብትዘሩ በየሳምንቱ የምትሸጡት አይጠፋም። ለወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አምስት ወር ጠብቆ አንዴ ከሚያገኝ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቢያገኝ ይመርጣል። እኔም እመርጣለሁ።

ይህን የዘር ቀን መቁጠሪያ ልጆቹ ራሳቸው ቁጭ ብለው ይሥሩት። አንድ ክርስቲያን፣ አንድ ሙስሊም፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ወረቀት። አጠገባቸው ሆነው የሚሳሳቱትን የሚያርሙ ሽማግሌ ይኑሩ እንጂ እስክሪብቶውን አይንጠቋቸው።

ሽማግሌዎቹ ሥራ ፈቱ ማለት ግን አይደለም። ልጆቹ የሌላቸው አንድ ነገር አላቸው፣ ዘር። በ1977ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ጭምር የበላ ስንት ቤት እንደነበር እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። የአገራችንን የዘር ባንክ ሲመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በእነዚያ ዓመታት የገበሬውን ዘር ከጥፋት ለማትረፍ ብዙ ደክመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም በዚህ ሥራ ነው። የእሳቸው አካሄድ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። ዘሩን የሚያውቀው ገበሬው ነው፤ ስለዚህ ከዘር ባንኩ ማቀዝቀዣ ጎን ለጎን በገበሬው እጅም ይቆይ ነው ነገሩ።

እናንተ ሰፈርም ይህን በትንሹ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ልጆች በየቤቱ እየዞሩ እናቶችን ይጠይቁ። የማን ሐበሻ ጎመን ነው ቶሎ የማያብበው? የማን ዱባ ነው ውሃ ውሃ የማይለው? የማን ቃሪያ ነው በሽታ የማይደፍረው? ድምፃቸውን በስልክ ይቅዱ፣ ዘሩን በትንንሽ ወረቀት ጠቅልለው ስምና ቀን ይጻፉበት። ዘር ለማስቀረት ደግሞ የሚበዛው ሰው የሚሠራው ስህተት አለ። ያማረውን እንበላና የተረፈውን ቀጫጫ ለዘር እንተወዋለን። ተገላቢጦሽ ነው መሆን ያለበት። ጎመኑ ገና ለጋ ሳለ አያቶቹ መደቡን ይዙሩና የወደዱትን አምስት ስድስት እግር ቀይ ክር ይሠሩበት። ክር የታሰረበት አይቆረጥም፣ ሊቀመንበሩም ቢሆኑ አይቆርጡትም። ይህን ያየ ልጅ ስለ ዘር ሥልጠና አያስፈልገውም።

ስለ ሥልጠና ካነሳን፣ አደራ ሥልጠና አታብዙባቸው። የኛ አገር ወጣት ስለ ሥራ ፈጠራ ያልሰለጠነበት አዳራሽ የለም። አበል ሲቀር እሱም ይቀራል። ከግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ መደቡ ላይ ቆሞ የአትክልት ቅማል መድኃኒት መቼ እንደሚረጭ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይሸጥ መቆየት እንዳለበት ቢያሳያቸው ይበቃል። ቲሸርቱም ይቅር፤ በቲሸርቱ ብር አንድ ሜትር ቱቦ ግዙ።

ዶሮም ልታስቡ ትችላላችሁ። በ2015 የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሃ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የ45 ቀን ጫጩት የማያወራ ቀበሌ የለም። ክፉ ነገር አይደለም፣ ግን ከዶሮ አትጀምሩ። ከወጪው አብዛኛውን መኖ ነው የሚበላው፣ እንቁላል እስኪያዩ አራት አምስት ወር ትቀልባላችሁ፣ ክትባቱ ካመለጣችሁ ፈንግል በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። ቆስጣው ገንዘብ ሲይዝ ይደርሳል።

ብድርም እንደዚያው። 2009 ላይ ለወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ሲመደብ ብዙ ልጅ ለብድሩ ብሎ ብቻ ተደራጅቷል። በብድር የተገናኘ ቡድን ብሩ ሲደርስ ነው የሚጣላው። የናንተዎቹ መጀመሪያ አንድ ዓመት አብረው ይሽጡ፣ ትንሽ ይጣሉ፣ ይታረቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ብድር የሚያስቡት ራሳቸው ናቸው።

አሁን ስለ ሳዑዲ።

እዚህ ላይ አልዋሽዎትም። ሩብ ሄክታር 22 ወጣት አያኖርም። አራት አምስት ልጅ ከኪስ ገንዘብ ትንሽ ከፍ ያለ ገቢ ሊያገኝበት ይችላል። ለተማሪ ጥሩ ነው። ቤተሰብ ለሚጠብቀው የ25 ዓመት ልጅ ግን ብቻውን መልስ አይሆንም። ስለዚህ ቆስጣን ከሳዑዲ ደመወዝ ጋር አታወዳድሩባቸው፤ ትሸነፋላችሁ። የመንገዱን አደጋም አትስበኩላቸው። በጅቡቲ በኩል ሄዶ ባሕሩን ሳይሻገር የቀረ፣ ወይም ታስሮ የተመለሰ ጓደኛ የሌለው ልጅ ሰፈራችሁ ውስጥ የለም። ከእኛ በላይ ያውቁታል። እያወቁ ነው የሚያስቡት። መሬቷ ማንንም ለማስቀረት ተብላ አትልማ። ላለው ሰው ትልማ። አምስት ልጆች በሰፈሩ ፊት ደብተር ይዘው፣ ሸጠው፣ ተካፍለው ከታዩ፣ ሌላው ራሱ መጥቶ ይጠይቃል። ያኔ መሬት ፍለጋው ይጀመራል። አጠገባችሁ ያለ ጊቢ፣ የትምህርት ቤት ጓሮ፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቦታ።

ለዚህ ነው ቅድም ስለ አራቱ ያነሳሁት። 22 አትጥሩ። እስከ ኅዳር የቆዩትን አራቱን ጥሯቸው። ከነሱ ጋር የልጅ ልጅዎን። ሊቀመንበሩ አይጥሯቸው፣ እርስዎ ይጥሯቸው። አዳራሹ ውስጥም አይሁን፣ ቤትዎ ይሁን፣ ቡና ተፈልቶ። ንግግር አያድርጉ። የዓምናውን ደብተር መሐል ላይ ያስቀምጡትና ይክፈቱት። ይህን ያህል ሸጥን፣ ይህን ያህል ለዘር አወጣን፣ ይህን ያህል ሣጥን ውስጥ አለ ይበሏቸው። ከዚያ «ምኑ ነው ያሰለቻችሁ?» ብለው ይጠይቁ። «ተይኝ እስቲ» ያለው ልጅ ያን ቀን ብዙ ይናገራል። ምናልባት እኔ ያላነሳሁትን ያነሳ ይሆናል። ደስ የማይል ነገር ቢናገሩም አያቋርጧቸው፣ «በኛ ጊዜ» የሚለውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ዓምና ለሠሩበትም ከሣጥኑ ትንሽ ቢሰጧቸው አይጎዳችሁም። ለአራቱ ብቻ አይደለም፣ ቀን ተቆጥሮ ለ22ቱም። ትንሽም ብትሆን ወሬው ሰፈሩን በአንድ ቀን ያዳርሰዋል።

አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ። እርስዎ ባይጽፉትም ገብቶኛል። ሊቀመንበሩ «ደብተር ለልጅ አይሰጥም» ቢሉስ? ሊሉ ይችላሉ። በመጀመሪያ አይሟገቷቸው። የቅሬው ደብተር የቅሬው ነው፣ እሱን ማንም አልነካም። የ1,000 ካሬዋ ደብተር ሌላ ደብተር ነው፣ አዲስ የተገዛ። እርስዎ እንደ ገንዘብ ያዥ በየወሩ እያዩ ይፈርሙበታል። ይህን ያህሉን ብዙ ሽማግሌ ይቀበለዋል። አሁንም እምቢ ካሉ ልጆቹን ዳግመኛ አይጥሯቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ ተጠርቶ የሚያዝን ልጅ ሦስተኛ አይመጣም። በዚያ ፈንታ የራስዎን ጓሮ ሃያ ካሬ ለአራቱ ይስጡ። ሃያ ካሬ በቀን አምስት ጀሪካን ነው፣ የቤት እቃ ያጠቡበትም የተጣራ ውሃ ይረዳል፣ ሳሙና ካልበዛበት። ሊቀመንበሩ ጎረቤት ናቸው፣ በአጥር አሻግረው ያያሉ።

የትኛውም ይሁን፣ ቡናው በዚህ በሰኔ ይፈላ። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት አሸንዳው መሰቀል አለበት።